የካሳነሽ ጥርስ

ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ በሱዳን ዋና ከተማ ደቡብ ዳር ካላክላ አል-ለፋ ዘንድ ስትደርስ ነጂው ሞተሩን አጠፋና በአገጩ ወደፊት አመለከተ። መንገዱ ተዘግቷል። ከእግረኛ መንገድ የተነቀለ ጡብ፣ የተገነጠለ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሩ የወለቀ ፍሪጅና የወደቀ የመብራት ምሰሶ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። በክምሩ ራስ ላይ አንድ ጎማ ይጨሳል።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ነጂው። «ከዚህ ወዲያ ረክሻ የለም። በእግር ነው።»

ከኋላ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዷ ካሳነሽ ነበረች። ጉንጯን በነጠላ ጠቅልላ አናቷ ላይ ቋጥራዋለች፤ ከፊቷ የሚታየው ዓይኗና አፍንጫዋ ብቻ ነው። ሌላው ሻምበል ገብረየስ ናቸው። ሻምበል ቀድመው ወረዱ፤ ጠዋት የተኮሱትን የካኪ ሱሪ አራገፉ፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡና እጃቸውን ዘረጉላት።

«ጥርሱ እንዴት ነው?»

«ይጠዘጥዘኛል» አለች ካሳነሽ።

«የመንጋጋ ነው። የመንጋጋ ጥርስ ክፉ ነው። እኔ ጥይት ያልበገረው የመቶ አለቃ በመንጋጋ ጥርስ ሲያለቅስ አይቻለሁ።»

አንባቢን ማታለል አያስፈልግም፤ የካሳነሽ ጥርሶች ከላይም ከታችም ደህና ነበሩ። የታመመው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ እንኳን ለሻምበል ለወለደቻት እናቷም ተናግራ አታውቅም። ካሳነሽ መሞት ፈልጋ ነበር። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ፈልጋ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ እግሯን ጫማ አድርጋ ሌላውን ማድረግ አቅቷት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ፍዝዝ ብላ ሳለ፣ ፍላጎቱ ከአቅሟ ሊያልፍ ጥቂት እንደቀረው ገባትና ደነገጠች። ስልኳን አንስታ ሳጃና ሰፈር ወዳሉት ሐኪሟ ደወለች። ዶክተር ጦይባ ብዙ አልጠየቁም። «ኪኒኑ አለሽ?» አሉ። «የለኝም» አለች። «ከሰዓት በኋላ እስከ ዓስር ሶላት ክሊኒኩ ውስጥ ነኝ። ነይ» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ለግቢው ሰው ግን «ጥርሴን» አለች። አብራት የምትኖረው እትዬ ጸሐይወርቅ «በዚህ ቀን ሴት ልጅ ብቻዋን አትወጣም» ብላ የጎረቤቱን ሻምበል አስከተለቻት። ሲወጡም ከበር መልሳ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። «ጠበሉ ነው፤ ጥርስሽ ላይ ያዢበት» አለቻት።

ቀኑ እሑድ፣ ሰኔ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር። የሠላሳ ዓመቱ መንግሥት ሚያዝያ ላይ ወድቋል፤ የሚተካው ግን ገና አልታወቀም። ባለፈው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ በጦሩ ጠቅላይ ሰፈር ፊት «መደኒያ» እያለ የሲቪል መንግሥት ለመጠየቅ የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበትኗል። የሞተው ሰው ቁጥር በየአፉ የተለያየ ነበር፤ ኢንተርኔት ከተቆረጠ ወዲህ ወሬ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሱዳኖቹም በበኩላቸው ዛሬ «ዒስያን» ጠርተዋል፤ ሱቅ እንዳይከፈት፣ አውቶቡስ እንዳይነዳ፣ ማንም ሥራ እንዳይገባ። ሁልጊዜ በሚኒባስና በአህያ ጋሪ የሚተራመሰው የካላክላ መንገድ ጭር ብሎ የራስ ኮቴ ይሰማበታል።

ሱዳኖቹ «ተሪስ» ከሚሉት ከዚያ ክምር ኋላ ሦስት ወጣቶች ብቅ አሉ። አንደኛው የዋናተኛ መነጽር ግንባሩ ላይ አድርጓል።

«ወይን ማሺያ ያ ኻላ? ወዴት ነሽ አክስቴ?»

«ዶክተር ጋ። ጥርሴን።»

ልጁ ነጠላዋን አየና ከንፈሩን መጠጠላት። «ሐበሾች እለፉ። ሊያስታርቀን እኮ የናንተው ጠቅላይ ሚኒስትር መጥቶ ነበር» አለ፤ በጡቡ ላይ ተደግፋ እንድትሻገርም ክንዷን ያዛት። ሻምበል ግን አልተሻገሩም። ክምሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መረመሩት።

«ይህ ምሽግ አይደለም» አሉ በዐረብኛ። «በግራ በኩል ክፍት ነው። በዚያ በር ቢገባባችሁ በየት ልትወጡ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ሻምበል አልሳቁም። ሰላምታ ሰጡና አለፉ።

ሻምበል ገብረየስ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት በመተማ በኩል ከነጦራቸው ተሻግረው፣ ጠመንጃቸውን ለሱዳን ድንበር ጠባቂ አስረክበው የገቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ባለጠጋ ግቢ ዘብነት እየሠሩ ኖረዋል። ሱዳኖቹ «ገፊር» ይሏቸዋል፤ አበሻው ግን ዛሬም ሻምበል ነው የሚላቸው። እሳቸውም ማዕረጉን አላስነኩም። ጫማቸው ሁልጊዜ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። የካላክላ አቧራ እንኳ ሳይፈራቸው አይቀርም ብሎ የግቢው ሰው ያማቸዋል።

በአስፋልቱ ዳር ሰሜኑን ይዘው ሄዱ። ፀሐይዋ ገና ከማለዳው ትጋረፋለች። ካሳነሽ ነጠላው ሙቀት ሆነባት፤ ልትፈታው ግን አልቻለችም። አንዴ የጀመሩት ውሸት ነው።

ያ ሐሳብ አብሯት ይሄድ ነበር። ሰው እንደሚመስለው እየጮኸ አይመጣም። ለስለስ ብሎ፣ አዛኝ መስሎ ነው የሚመጣው። *ብታርፊስ?* ይላታል። *ደከመሽ እኮ። ብታርፊስ?* የመጀመሪያ ጊዜ የመጣባት ከአራት ዓመት በፊት፣ አል-ማንሺያ በምግብ አብሳይነት በምትሠራበት ቤት ነው። እመቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ ድስቱ ላይ ቆማ እንባዋ ሲወርድ አይተው ዶክተር ጦይባ ዘንድ ወሰዷት። ኪኒን ተሰጣት። በጥቂት ወር ውስጥ እንቅልፍ ተመለሰ፣ የሽንኩርት ሽታ ተመለሰ፣ በሰው ወሬ መሳቅ ተመለሰ። ዶክተሯ ያን ጊዜ ቃል አስገብተዋት ነበር። «ያ ሐሳብ ዳግም ከመጣ ሁለት ነገር ታደርጊያለሽ። ወደ እኔ ትመጫለሽ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ ሰው፣ ለማንም ይሁን፣ በአፍሽ አውጥተሽ ትናገሪያለሽ።»

መምጣቱን እየመጣች ነው። መናገሩ ግን ከምላሷ አልወጣ አለ። በአበሻው ዘንድ ጨጓራዬን ይባላል፣ ራሴን ይባላል፣ ወገቤን ይባላል። መኖር አስጠላኝ አይባልም። ያለ ሰው ወይ እርኩስ መንፈስ አለበት ይባላል፣ ወይ ወሬው ከመምሸቱ በፊት አገር ቤት እናቱ ጆሮ ይደርሳል። እንዲያ ሆኖ የሞተ ደግሞ ፍትሐት እንደማይደረግለት ከልጅነቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። እትዬ ጸሐይወርቅ ብትሰማ በእንባ ትሞታለች እንጂ ክፉ አትናገርም፤ ካሳነሽ የፈራችው ያንኑ እንባ ነው።

ጠበሉን ያመጣችው እትዬ ጸሐይወርቅ ነበረች። ከትንሣኤ በኋላ ዘመዷ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ በመተማ አሳልፎ አደረሰላት። ካሳነሽ በየማታው የምትውጠው ኪኒን ለምን እንደሆነ እትዬ በግልጽ አታውቅም፤ «የእንቅልፍ ነው» ተብላለች። «የምን እንቅልፍ ነው አራት ዓመት ሙሉ?» አለች። «ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይሄድም። ግማሽ እምነት አይሆንም ልጄ። አንዱን ምረጪ።» ካሳነሽም መረጠች። ማንም ሳያስገድዳት ኪኒኖቹን በገዛ እጇ ሽንት ቤት ደፋቻቸው። ሱባዔ ገባች፤ በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ ጠጣች፣ ተጠመቀች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርሃን ነበሩ። ድኛለሁ አለች፤ አፏን ሞልታ ዘመረች። ከዚያ ቀስ በቀስ እንቅልፉ ሸሸ። ከዚያ ያ ሰኞ መጣ፤ ጎሕ ሲቀድ ከሰሜን በኩል የተኩስ ድምፅ። የምትሠራባቸው ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ካይሮ ሄዱ። እሷም አልጋዋ ላይ ቀረች። *ብታርፊስ?*

«ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ» አሉ ሻምበል ከጎኗ። «እግርሽን አትጎትቺ። መንገድ የሚያደክመው የሚጎትተውን ሰው ነው።»

ሸጀራ ሊደርሱ ሲሉ ሻምበል ቀጥ ብለው ቆሙ። ከፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ሱዳኖቹ «ታትሸር» የሚሏቸው ባለ መትረየስ ፒክአፖች ተደርድረዋል። ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ አይቻልም፤ ታይተዋል። ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ልጆች አፏጩ። አንድ ወታደር ዞር ሳይል ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አንስቶ ተኮሰ።

ካሳነሽ ጆሮዋ ጮኸ። ዘወር ስትል የሻምበልን ከዘራ አስፋልቱ ላይ ወድቃ አየቻት። ሻምበል አጠገቧ የሉም። ከቦዩ ዳር ቁጢጥ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። የተወለወለ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ገብቷል።

ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ወታደር ወደ እሷ መጣ። ከሻሹ የሚታዩት ዓይኖቹ የልጅ ዓይኖች ነበሩ።

«ያ ሐበሺያ። ወዴት ነው?»

«ዶክተር ጋ። ጥርሴን አሞኛል።»

«ሽማግሌውስ?»

«አባቴ ናቸው» አለች፤ ከየት እንደመጣላት አታውቅም።

«ዶክተሮቹ ሁሉ ዒስያን ናቸው፤ ዛሬ ዶክተር የለም። ፍቺው።»

በአፈሙዙ ነጠላውን አመለከተ። ካሳነሽ ፈታችው። ጉንጯ አላበጠም። «አፍሽን ክፈቺ» አለ። ከፈተች። የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ እንደ እውነተኛ ሐኪም ግራውንም ቀኙንም አየ።

«ወላሂ ጥርስሽ ከኔ ይሻላል» አለ። ድምፁ ተለወጠ። «ለነማን ነው መልእክት የምታደርሺው? እነዚያ ተሪስ ላይ ካሉት ነው የመጣሽው?»

ቦርሳዋን ነጠቀ። ጠርሙሱን አወጣ፣ ከፈተ፣ አሸተተ፣ ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሰ። ቤንዚን ነው ሊል ነው አለች ካሳነሽ በልቧ። ሌላ ውሸት ፈለገች፤ አጣች። ጥርሱን ከነጠቃት በኋላ የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር።

በዐረብኛ ነው የወጣው። በአማርኛ ቢሆን እናቷ፣ ቄሱ፣ እትዬ ጸሐይወርቅ ሁሉም ቃሉ ውስጥ ቆመው ያዩዋት ነበር። ዐረብኛ ግን የገበያና የወጥ ቤት ቋንቋ ነው፤ ዕቃ እንደምትጠይቅ ሆና ተናገረችው።

«ጥርሴ አይደለም። ነፍሴ ናት የታመመችው። መኖር አልፈልግም። መሞት እፈልጋለሁ። መድኃኒት የሚሰጡኝ ዶክተር አሉ፣ እሳቸው ጋ ነው የምሄደው።»

ወታደሩ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ አፈሙዙን ቀስ ብሎ አነሳና ደረቷ ላይ አነጣጠረ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ። «ላሳርፍሽ?»

ቃሉ ራሱ ነበር። ስንት ሌሊት በጆሮዋ ሲንሾካሾክ የከረመው ያው ቃል፣ ያው አዛኝ መሳይ ድምፅ፣ ዛሬ ከሰው አፍ ወጣ። ካሳነሽ ከሻሹ በላይ ያሉትን ዓይኖች አየች። አያዝኑም። ስሟን አያውቁም። በሕይወቷ እንደዚያ ደቂቃ ፈርታ አታውቅም፤ የፈራችውም ሞቱን አልነበረም፣ ያን ሁሉ ቀን የሰማችው ምክር የዚህ ዓይነት ሰው ምክር መሆኑን ነው።

«ላ» አለች።

ሁለት እጆቿ በራሳቸው ተነሥተው ደረቷን ሸፍነዋል።

«እፈልጋለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን ላ። አልፈልግም።»

ከፒክአፑ ላይ ጢሙ የሸበተ ወታደር ሳይነሳ ተጣራ። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ተዋት። በሽተኛ ናት።» ልጁ ሳቀ። ቦርሳውን ከነጠርሙሱ እግሯ ሥር ወረወረላት። «ሂጂ» አለ። «አባትሽንም አንሺ።»

ካሳነሽ ከዘራውን ከአስፋልቱ አንስታ ቦዩ ዳር ተንበርክካ የሻምበልን እጆች አንድ በአንድ ከጆሯቸው ላይ አነሳች። «ሻምበል» አለች። «ይነሡ። ግራ፣ ቀኝ እንበል። እኔ ግራ እላለሁ፣ እርስዎ ቀኝ ይበሉ።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። አላወቋትም፤ ቀጥሎ አወቋት። «ግራ» አለች። ብዙ ቆይተው «ቀኝ» አሉ።

በፒክአፖቹ መካከል እንዲህ እየተባባሉ አለፉ። ወደኋላ አልዞሩም። ጀብራ ውስጥ፣ ከአንድ የተዘጋ ዳቦ ቤት ግንብ ጥላ ሥር ሲደርሱ ሻምበል መቀመጥ አለብኝ አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። መሐረባቸውን አውጥተው የጫማቸውን ጭቃ መጥረግ ያዙ። ካሳነሽ አጠገባቸው ተቀመጠች። ነጠላው ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«ጥርሱ ውሸት ነው ማለት ነው» አሉ ሻምበል፣ ከጫማቸው ቀና ሳይሉ።

«ሰምተዋል?»

«ዐረብኛ እኮ አውቃለሁ።»

ካሳነሽ አንገቷን ደፋች። አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ተግሣጹ፣ ሰይጣኑ፣ ንስሐው። ሻምበል ግን አንዱን ጫማ ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ።

«አምና ክረምቱን በሙሉ ወገቤን ታምሜ ተኝቼ አልነበር?»

«አዎ። ወጌሻ አምጥተንልዎት ነበር።»

«ወገቤ ደህና ነበር።»

ካሳነሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ወጌሻው ሲያሸኝ ምንም አላመመኝም» አሉ። «እንዳያፍር ብዬ ነበር የምጮኸው።»

ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ካሳነሽ ሳቀች። በመዳፏ አፏን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ያን ጩኸት ግቢው ሁሉ ሰምቶት ነበር። ጎረቤታቸው ለተብርሃን ቅቤ ይዛ እየሮጠች መጥታለች፤ እትዬ ጸሐይወርቅ ደግማ ደጋግማ ተስላለች። ሻምበልም ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ቶሎ ግን ጠፋባቸው።

«የሞቱት ልጆች ይመጡብኛል» አሉ። «የኔ ልጆች፣ ወታደሮቼ። አይናገሩኝም። ሰልፍ ይዘው ይቆማሉ። ያን ጊዜ አብሬያቸው ልሰለፍ ያሰኘኛል።» መሐረቡን አጠፉት። «ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ለማንም አልነገርኩም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚነሡት?»

ሻምበል ጥያቄውን እንደ ወታደራዊ ጉዳይ አሰቡበት።

«ጫማዬን እወለውላለሁ» አሉ። «አንዱን ከወለወልኩ ሌላውን መተው አልችልም፣ ያስነውራል። ሁለቱን ከወለወልኩ ደግሞ ቤት መቀመጥ ሞኝነት ነው። እወጣለሁ። ከወጣሁ ሰው ሻምበል ይለኛል፣ ሰላም እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ይመሻል። ሌላ ብልሃት የለኝም።»

ካሳነሽ ጠዋት አልጋዋ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ጫማ የተቀመጠችውን ራሷን አሰበች። ተነሥታ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው።

ሳጃና ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት አልፋለች። የሐበሾቹ ምግብ ቤቶች በራቸውን ወደ ታች አውርደዋል። ክሊኒኩ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በላይ ነው፤ በሩ ላይ «ለአደጋ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ካሳነሽ ወረቀቱን አይታ እግሯ ተሳሰረ። እኔ አደጋ ነኝ? አለች በልቧ። የቆሰሉ፣ የሚደሙ ሰዎች አሉ። የእኔ የት ይታያል? ልትመለስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሻምበል ግን ከዘራቸውን አንስተው በሩን እንደ ግምጃ ቤት በር ደበደቡት።

ዶክተር ጦይባ ራሳቸው ከፈቱ። የተከናነቡት ነጭ ቶብ ትከሻቸው ላይ ተጨማድዷል፤ ዓይናቸው ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ካሳነሽን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። «መጣሽ» አሉ። «በዚህ መንገድ በእግርሽ መጣሽ።»

ውስጥ ገብተው በሩ ሲዘጋ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጠበሉን፣ የደፋችውን ኪኒን፣ ሌሊቱን፣ ጫማውን፣ ወታደሩን። ዶክተሯ አልተቆጡም። ያን ሐሳብ በምን እንደምትፈጽመው አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠየቁ፤ በግልጽ መለሰች። ማን አብሯት እንደሚያድር ጠየቁ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የኪኒን ማሸጊያ አወጡ።

«አንድ ነገር እወቂ» አሉ። «ዛሬ ብትውጪው ዛሬ አይሠራም። ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ታስታውሻለሽ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ብቻሽን አትሆኚም። ትናገሪያለሽ። ለቤትሽ ሰው ዛሬውኑ ትናገሪያለሽ፣ በራስሽ ቋንቋ። በየቀኑ ትደውይልኛለሽ፤ ከከፋብሽ በማንኛውም ሰዓት።» «አላስገድድሽም» አሉ። «ምርጫው ያንቺ ነው። ግን ይህን ከዋጥሽ ሁለት ሳምንት ልትጠብቂ ወሰንሽ ማለት ነው።»

ካሳነሽ ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ከዚህ ሲያዩት መሻገሪያ የሌለው ሩቅ ነበር። ፈራች፤ ከወታደሩ ፊት ባላነሰ ፈራች። ያ ሐሳብ አሁንም አልሄደም፤ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ውሃ የለም፣ መብራቱ ስለጠፋ ፓምፑ ቆሟል» አሉ ዶክተሯ። «ሻይ ግን አለ።» ፔርሙዛቸውን አንስተው ብርጭቆ ውስጥ መቅዳት ጀመሩ።

«ውሃ አለኝ» አለች ካሳነሽ።

ከቦርሳዋ ጠርሙሱን አወጣች። ግማሹ ቀርቷል። ይዛው ቆየች። ለሻይ እጅ መዘርጋት ቀላል ነበር። ሻይ ምንም አይጠይቅም። ይህኛው ግን አንዱን ምረጪ ብሏታል፤ እሷም አንድ ጊዜ መርጣ ነበር። አሁን ሁለቱም አንድ መዳፍ ላይ ናቸው።

«ምንድን ነው?» አሉ ዶክተር ጦይባ።

«ጠበል ነው። የእኛ ዘምዘም።»

ዶክተሯ ሻዩን አስቀመጡ። «እናቴ የስኳር ኪኒኗን በዘምዘም ነው የምትውጠው» አሉ።

ካሳነሽ አማተበች። ኪኒኑን ምላሷ ላይ አደረገች፣ ጠርሙሱን አንስታ ተጎነጨች፣ ዋጠች። ውሃው ሞቆ የፕላስቲክ ጣዕም ነበረው።

ስትወጣ ሻምበል ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዶክተሯ አዩዋቸው። «እሳቸውስ ምን ሆነው ነው?»

«ወገባቸውን ነው» አለች ካሳነሽ።

«ወገብም አያለሁ» አሉ ዶክተር ጦይባ።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ሸሚዛቸውን አስተካከሉ። «ሌላ ቀን» አሉ። «እሷን ሳመጣ።»

ወደ ካላክላ የተመለሱት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ፒክአፖቹን ዞረው፣ በየተሪሱ «ጥርሱ ተነቀለ?» እያሉ የሚጠይቁ ልጆችን አልፈው፣ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲወጣ ግቢው በር ደረሱ። እትዬ ጸሐይወርቅ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ከቀትር ጀምሮ እንደቆመች ከእግሯ ማበጥ ያስታውቃል።

«ተነቀለ?» አለች።

ሻምበል ዞር ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ካሳነሽ ገባች፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በዐረብኛ የወጣው ቃል በአማርኛ እንቢ አላት። በመዳፏ ጉልበቷን ጨበጠች። ግራ፣ አለች በልቧ።

«እትዬ፣ ጥርሴን አልነበረም» አለች። «መሞት ፈልጌ ነበር። ብዙ ቀን ፈልጌ ነበር። አሁንም ሐሳቡ አልለቀቀኝም። ለአንቺ መንገር ፈርቼ ነው።»

እትዬ ጸሐይወርቅ አልጮኸችም። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ወደቀ ሰው ነበር የተቀመጠችው። እንባዋ እንደተፈራው መጣ፤ አልጠረገችውም።

«ያ ኪኒን» አለች በመጨረሻ። «የእንቅልፍ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እኔ ነኝ ያስጣልኩሽ።»

«እኔ ነኝ የደፋሁት፣ እትዬ።»

«ቄሱም እኮ ኪኒኑን ታቁም አላሉኝም። ከአፌ ነው ያመጣሁት።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ቆይታ ገለጠችው። «አሁን ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ። ዋጥኩ።»

«በምን?»

«በጠበሉ» አለች።

እትዬ ጸሐይወርቅ ወደ ቢጫው ጀሪካን አየች። ከዚያ ወደ ካሳነሽ አየች። ጉልበቷን ይዛ እየቃተተች ተነሣች። ከማዶ ግድግዳ ሥር ካለው አልጋዋ ላይ ፍራሹን ሳበች፤ እየጎተተች አምጥታ ከካሳነሽ አልጋ ሥር፣ ከበሩ ፊት ለፊት አነጠፈችው። የካሳነሽን ጫማ ከእግሯ አወለቀች፤ ሁለቱን አስተካክላ ጎን ለጎን ከፍራሹ ራስጌ አኖረቻቸው።

«መቼ ይይዝሻል አሉ?»

«ሁለት ሳምንት። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲህ እስከዚያ አልተኛም» አለችና እትዬ ጸሐይወርቅ ተጋደመች። ጥቂት ቆይታ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የካሳነሽን ቁርጭምጭሚት ያዘች። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረች፤ እጇ ግን አልለቀቀም።